ደሴ የራሷ ሚያዝያ አላት

ሚያዝያ 27ን ሁሉም ያውቃል። የአርበኞች የድል ቀን ነው። መሥሪያ ቤት ይዘጋል። ቴሌቪዥን ከአራት ኪሎ የአበባ ጉንጉን ሲቀመጥ ያሳያል። አባትና እናት አርበኞች ሜዳሊያቸውን ደርድረው ይወጣሉ። ታሪኩም ለመያዝ ቀላል ነው። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው። ዓጼ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ የገቡት በአምስተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ነው።

ሚያዝያ 18ንስ ማን ያውቀዋል? ደሴ ፒያሳ ቆማችሁ ያገኛችሁትን ሰው ጠይቁ። ኮምቦልቻ መናኸሪያ ወርዳችሁ ጠይቁ። እኔ ደሴ ተወልጄ ደሴ ነው የተማርኩት። አንድም መምህር ይህን ቀን ጠቅሶልኝ አያውቅም። ኋላ መጽሐፍ ሳገላብጥ ነው ያገኘሁት፤ ያን ቀን ውስጤ የተሰማኝን ቁጭት እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጣሊያኑ ጦር አዛዥ ማርሻል ባዶሊዮ አዲስ አበባን ለመያዝ ያሰናዳው የመኪና ሠራዊት ከደሴ የተነሳው ሚያዝያ 18 ቀን 1928 ነው። ደሴ ከጣሊያን እጅ የወጣችው ደግሞ ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ነው። አዲስ አበባ በሚያዝያ 27 የምትኮራበት የቀን መገጣጠም ለደሴም አላት። ያውም አዲስ አበባ ንጉሧን ከመቀበሏ ዘጠኝ ቀን ቀድማ። እኛ ግን በራሳችን ከተማ የሆነውን ትተን የሌላውን ከተማ በዓል በቴሌቪዥን እናያለን።

ይህን የምለው ሚያዝያ 27ን ለማሳነስ አይደለም። የአገር በዓል ነው፤ ይከበር። ግን ታሪክ ሁሉ አዲስ አበባ ላይ የተፈጸመ የሚመስለው ልጅ እያሳደግን ነው። የደሴ ልጅ የቆመበት መሬት ምን እንዳየ ሳያውቅ ያድጋል። ይህ ያሳዝነኛል። መለወጥም አለበት ባይ ነኝ።

እስቲ ከ1933 እንጀምር።

በዚያ ዓመት መጋቢት 28 ቀን የእንግሊዝ ጦር አዲስ አበባን ያዘ። ብዙ ሰው ጦርነቱ እዚያ ላይ ያለቀ ይመስለዋል። አላለቀም። የጣሊያኑ እንደራሴ የአኦስታው መስፍን ወደ ሰሜን አፈግፍጎ አምባ አላጌ ላይ መሽጎ ነበር። ጎንደርና ጅማም ገና በጣሊያን እጅ ናቸው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ አምባ አላጌ ለመድረስ ደግሞ መንገዱ አንድ ነው። በከሚሴ፣ በሐርቡ፣ በኮምቦልቻ አልፎ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ መግባት የግድ ነው። ጣሊያንም ይህን ስለሚያውቅ መድፉንና ወታደሩን ኮምቦልቻ ፊት ለፊት ባሉት ተራሮች ላይ ደረደረ።

መንገዱን የሚያውቅ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያች አጭር መንገድ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። ዛሬም ጭነት ያለው መኪና ሐረጎን ሲወጣ ያቃስታል። ከላይ የተቀመጠ መድፈኛ ከታች የሚመጣውን ሁሉ ያያል። ከታች ያለው ግን ከላይ ያለውን አያይም።

ከእንግሊዝ ጎን የተሰለፈው፣ በብርጋዴር ዳን ፒናር የሚመራው የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ከአዲስ አበባ ተነስቶ እዚህ ደረሰ። ውጊያው የተጀመረው ሚያዝያ 9 ነው። ቀኑን አስሉት። በ1933 ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 12 ነበር። ስለዚህ መድፉ መጮህ የጀመረው በጸሎተ ሐሙስ ነው። ስቅለት ውጊያ ነበር። ቅዳሜ ሹርም ውጊያ ነበር። ትንሣኤም በመድፍ ድምፅ ዋለ። በወሎ ደግሞ ፋሲካ የክርስቲያኑ ብቻ አይደለም። ሙስሊሙ ጎረቤት እንኳን አደረሳችሁ ብሎ የሚገባበት፣ የቤቱ ሰውም ለእሱ የሚሆን ነገር ለይቶ የሚያቆይበት ቀን ነው። የዚያን ዓመት የኮምቦልቻ ሰው ፋሲካን እንዴት አሳለፈው? በጉ ታረደ? ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው ነበር? ወይስ ሁሉም ልጁን ይዞ ወደ ጥሻ ወረደ? ይህን መጻሕፍቱ አይነግሩንም። የነጮቹን የክፍለ ጦር ስም ግን አንድ በአንድ ይነግሩናል።

ወደ 500 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን አርበኞች ከፒናር ጦር ጎን ሆነው እንደተዋጉ ተመዝግቧል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። እንዲህ ባለ ገደላማ አገር ዋናው ነገር መድፍ ብቻ አይደለም። የትኛው ቀጭን መንገድ የትኛው ተራራ ጀርባ ያወጣል የሚለውን ማወቅ ነው። ይህን የሚያውቅ የአገሬው ሰው ነው። ሚያዝያ 14፣ ማክሰኞ፣ የኮምቦልቻ መከላከያ ተሰበረ። ሚያዝያ 18፣ ቅዳሜ፣ ጦሩ ደሴ ገባ። በሺህ የሚቆጠሩ የጣሊያን ወታደሮች ተማረኩ። ወደ አምባ አላጌ የሚወስደው በር ተከፈተ። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ግንቦት 11፣ የአኦስታው መስፍን እጁን ሰጠ። እንግዲህ የደሴ መውደቅ የአምባ አላጌ ቁልፍ ነበር ማለት ነው። ይህን ቁልፍ ያህል ነገር የከተማዋ ልጆች አያውቁትም።

አምስት ዓመት ወደ ኋላ እንመለስ።

በ1928 መጀመሪያ ደሴ የጦርነቱ ዋና ሰፈር ነበረች። ንጉሠ ነገሥቱ በኅዳር ወር ከአዲስ አበባ መጥተው ደሴ ከተሙ። ኅዳር 26 የጣሊያን አውሮፕላኖች መጡና ከተማዋን ደበደቡ። የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት የአሜሪካኖቹ ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከፀረ አውሮፕላን መትረየስ ኋላ ሆነው የሚታዩበት ፎቶግራፍ የዚያን ጊዜ የደሴ ፎቶግራፍ ነው። ዓለም ሁሉ አይቶታል። ፎቶው የት ተነሳ ብላችሁ ብትጠይቁ ግን ደሴ የሚል መልስ የሚሰጣችሁ ጥቂት ሰው ነው።

መጋቢት 22 የማይጨው ጦርነት ተደረገ፤ ተሸነፍን። የተረፈው ሠራዊት ወደ ደቡብ ሲያፈገፍግ አሸንጌ ሐይቅ ዙሪያ አውሮፕላን በቦምብና በመርዝ ጨረሰው። ንጉሠ ነገሥቱ ላሊበላ ገብተው ጸለዩ። የዚያን ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 4 ዋለ። በሦስተኛው ቀን፣ ሚያዝያ 7፣ ረቡዕ፣ የጄኔራል ፒርዚዮ ቢሮሊ ጦር ያለ ውጊያ ደሴ ገባ። ደሴ የነበሩት አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ቀድመው ወጥተው ነበር። የፋሲካው ዶሮ ወጥ ገና ከቤት ሳይጠፋ ከተማዋ የሌላ ሆነች። ንጉሠ ነገሥቱም በሌላ መንገድ ዞረው ሚያዝያ 22 አዲስ አበባ ገቡ። ሚያዝያ 24 በባቡር ተነስተው ወደ ስደት ሄዱ።

ባዶሊዮ ደሴ ተቀምጦ ሰልፉን አዘጋጀ። የጉዞው ስም «የብረት ፈቃድ» ተባለ። ከ1,500 በላይ ተሽከርካሪ ነበረው። አላማው ለዓለም ጋዜጦች የሚሆን ድል ማሳየት ነበር። ሆኖም እንዳሰበው ቀላል አልሆነለትም። በልግ ዘነበ። ጭቃው መኪናውን ያዘ። ጣርማበር ላይ መንገዱ ተንዶ ጠበቀው። እዚያ ላይ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖች ተሰልፈው ነበር። ገና ትምህርታቸውን ያልጨረሱ ልጆች ናቸው። ሚያዝያ 26 ደግሞ ጫጫ አካባቢ ኃይለ ማርያም ማሞ አድፍጠው የጠላትን ሰልፍ መቱ። አዲስ አበባ ከመያዟ አንድ ቀን በፊት መሆኑ ነው። አርበኝነት አገሪቱ ከተያዘች በኋላ ሳይሆን ገና ሳትያዝ ተጀምሯል ማለት ነው። የደሴውን መንገድ ይዘን ስንሄድ ይህን እናያለን። ከአዲስ አበባ ብቻ ሆነን ስናየው ይጠፋብናል።

አንድ ጥያቄ ለብዙ ጊዜ ያስጨንቀኝ ነበር። ለምን ሚያዝያ? ለምን ሁሉም ነገር በዚህ ወር ይሆናል? አሁን መልሱ ግልጽ ሆኖልኛል። መልሱ ሰማዩ ላይ ነው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26 ነው። ሰኔ 25 አልቆ ክረምት ይገባል። ሚያዝያ የጸደይ የመጀመሪያ ሙሉ ወር ነው። የድሮ ዘመቻ ክረምት ሲወጣ፣ ጥቅምት አካባቢ ይነሳል። ወንዙ ከመሙላቱ በፊት መጨረስ አለበት። በሽሎ ከሞላ የሚሻገር ጦር የለም። ስለዚህ አገር ለመውረር የመጣ ሁሉ ሚያዝያ ላይ ይጣደፋል። በ1860 መቅደላ ላይ የዘመተው የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ክረምት ሳይገባ ከደጋው ለመውጣት ይቸኩል ነበር። ባዶሊዮም ያው ነው። ፒናርም ያው ነው። የወሎ ገበሬ ደግሞ በዚሁ ወር ዓይኑን ሰማይ ላይ ይተክላል። ደጋው የበልግ ገብስ ይጠብቃል። ቆላው ማሽላ ይዘራል። ጦር በመንገዱ ያገኘውን እየበላ የሚሄድበት ዘመን ነበርና ሚያዝያ ላይ ጦር ያለፈበት መንደር ቀጣዩ ዓመት የረሃብ ነው። ስለ ጄኔራሎች ስንጽፍ የምንዘለው ይህንን ነው። ለእኔ ግን ከጄኔራሎቹ ስም ይልቅ ይህ ይከብዳል።

አሁን ወደ መቅደላ እንሂድ። የወሎ ሚያዝያ ያለ መቅደላ ሙሉ አይሆንም።

መቅደላ ከደሴ በስተ ሰሜን ምዕራብ ነው። ዓጼ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለ ግዙፍ መድፍ ከደብረ ታቦር አንስተው፣ ገደል እየቆረጡ፣ መንገድ እየሠሩ፣ ወራት ፈጅተው መቅደላ አደረሱት። ዛሬም እዚያው አለ። እንግሊዞች ብዙ ነገር ዘርፈው ሲሄዱ እሱን ማንሳት አልሆነላቸውም።

ናፒየር ወደ 13,000 የሚጠጋ ወታደር ይዞ መጣ። ከሕንድ ያመጣቸው 44 ዝሆኖችም ነበሩት። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 መቅደላ አጠገብ አሮጌ በተባለ ቦታ ጦርነት ሆነ። ቀኑ ስቅለት ነው። ፊታውራሪ ገብርዬ እዚያ ወደቁ። ከኢትዮጵያውያን ወደ 700 የሚጠጋ ሰው ሞተ። ከእንግሊዝ በኩል የሞተው በጣት የሚቆጠር ነው። በፈጣን ጠመንጃና በሮኬት ላይ ጦርና ጋሻ ይዞ የወረደ ሰው ዕጣው ይህ ሆነ። ሚያዝያ 5 ፋሲካ ዋለ። በማግስቱ ሰኞ፣ ሚያዝያ 6፣ ንጉሡ እጅ ከመስጠት ሞትን መርጠው ራሳቸውን ገደሉ። ሽጉጡ ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ የላከችላቸው ነበር።

እንግዲህ አስተውሉ። 1860፣ 1928፣ 1933። ሦስቱም የወሎ ታሪኮች ፋሲካን የተጠጉ ናቸው። አንዱ በስቅለትና በፋሲካ ማግስት፣ አንዱ በፋሲካ ሳምንት፣ አንዱ በጸሎተ ሐሙስ ተጀምሮ በፋሲካ ሳምንት የተፈጸመ። በወሎ የፋሲካን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ቢኖር የጦርነት ታሪክም አብሮ ይጽፍ ነበር።

ስለ መቅደላ ስንናገር ግን ወሎዬዎች በሐቀኝነት መናገር ያለብን ነገር አለ። ዓጼ ቴዎድሮስ ለወሎ ምሕረት ያላቸው ንጉሥ አልነበሩም። በወሎ ላይ ደጋግመው ዘምተዋል። ብዙ ሰው አልቋል። ወጣቱ ምኒልክ በ1857 ከመቅደላ ሲያመልጡ መሸሸጊያ የሰጠቻቸው የወሎዋ ገዥ ወርቂት ነች። ቴዎድሮስ ለዚህ የበቀሉት እጃቸው ላይ የነበረውን ልጇን በመግደል ነው። ተቀናቃኟ መስታወት ደግሞ በ1860 ከናፒየር ጋር ተስማምታ ሰዎቿን መቅደላ ዙሪያ አሰልፋ ማምለጫውን ዘጋች። ስለዚህ አንድ የወሎ ሽማግሌ የመቅደላን ታሪክ ሲያወራ የሚያወራው ስለ ጀግና ንጉሥ ብቻ አይደለም። ስለ ሁለት ሴት ገዥዎች፣ ስለ ተገደለ ልጅ፣ ስለ ተቃጠለ መንደርም ነው።

ይህን የምናወራው የማንንም ክብር ለመንካት አይደለም። የቴዎድሮስን ጀግንነት አምነን የወሎን እንባ መናገር እንችላለን። ሁለቱም እውነት ነው። ልጆቻችን ሁለቱንም ቢሰሙ አይጎዱም። የሚጎዱት አንዱ ሲደበቅባቸው ነው። ወርቂትና መስታወት በወንዶች ዘመን አገር የመሩ የወሎ ሴቶች ናቸው። ደሴ ከተማ ውስጥ ስንት ሴት ተማሪ ስማቸውን ታውቃለች? የእቴጌ መነን እናት ወይዘሮ ስኂን ሚካኤል በስማቸው በተሰየመው የደሴ ትምህርት ቤት ምክንያት ስማቸው ይጠራል። ጥሩ ነው። የእነዚህ ሁለቱ ግን የትም የለም።

እንግሊዞች መቅደላን ሚያዝያ 10 አቃጥለው ሄዱ። ከማቃጠላቸው በፊት ዘረፉ። የብራና መጻሕፍት፣ ታቦታት፣ ዘውድ፣ መስቀል፣ የቻሉትን ሁሉ ወሰዱ። የዘረፉትን ለመጫን 15 ዝሆንና ወደ 200 የሚጠጋ በቅሎ አስፈለገ። ወደ 350 የሚጠጉ ብራናዎች ለብሪቲሽ ሙዚየም ተሰጡ፤ አሁን ያሉት ብሪቲሽ ላይብረሪ ነው። 11 ታቦታት እስካሁን በብሪቲሽ ሙዚየም ተቆልፎባቸዋል። እቴጌ ጥሩወርቅ መንገድ ላይ ሞቱ። ሕፃኑ ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። በ18 ዓመቱ ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ። አጽሙ እንዲመለስ በቅርቡ የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት አልተቀበለም። የተመለሰ ነገርም አለ። የቴዎድሮስ ፀጉር በ2011 አዲስ አበባ ገብቷል። ስለዚህ ጉዳይ ሲጻፍ ሁልጊዜ ለንደንና አዲስ አበባ ይነሳሉ። ዕቃው የተወሰደበት አገር ግን ወሎ ነው። የተንታ ልጅ ከቤቱ አጠገብ የተወሰደውን ብራና በዓይኑ አይቶት አያውቅም።

ከመቅደላ 21 ዓመት በኋላ፣ እንደገና ሚያዝያ፣ እንደገና ወሎ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ውጫሌ ይስማ ንጉሥ ላይ ምኒልክና የጣሊያኑ መልእክተኛ አንቶኔሊ ውል ተፈራረሙ። ዓጼ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ ሁለት ወር አልሞላም ነበር። ውሉ 20 አንቀጽ አለው። ጣሊያን በ17ኛው አንቀጽ አመካኝቶ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብሎ ለአውሮፓ አሳወቀ። የቀረውን ታሪክ ሁሉም ያውቀዋል፤ አድዋ ነው። የማይነገረው የቦታው ነገር ነው። ውጫሌ ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ ላይ ነው። በሚኒባስ ታልፉበታላችሁ። ውሉ የተፈረመው በወሎ መሬት ነው። ውሉ ፈርሶ ጦርነት ሲሆንም ምኒልክ የሸዋን ሠራዊት እንዲከት ያዘዙት ወረኢሉ ላይ ነው። እሱም ወሎ ነው። አድዋ ከወሎ ተነስቶ ወደ ሰሜን ሄደ ብል ማጋነን አይደለም።

ግንቦት ላይ ደግሞ ሌላ ብዙ አለ። የቦሩ ሜዳ ጉባኤ የተደረገው፣ ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ዘውድ የጫኑት በግንቦት ነው። እነሱ ለብቻቸው ጽሑፍ ይፈልጋሉ፤ እዚህ አልገባባቸውም።

ሚያዝያ 18 በደሴና በኮምቦልቻ ይከበር ስል ከሰዎች የምሰማው ተቃውሞ ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው፣ «ደሴን ነጻ ያወጣት ነጭ ነው፤ ምኑ ይከበራል?» የሚል ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። የፒናር ጦር የደቡብ አፍሪካ ነጮች ጦር ነው። ራሳቸው በአገራቸው ጥቁሩን ሕዝብ ረግጠው የሚገዙ ነበሩ። ይህን መደበቅ የለብንም። ግን አዲስ አበባንም ቢሆን መጀመሪያ የያዘው የእንግሊዝ ጦር ነው። ሚያዝያ 27ን ለዚህ ብለን አልተውነውም። ምክንያቱም አምስት ዓመት ሙሉ ጣሊያን በየምሽጉ እንዲታሰር ያደረገው አርበኛው ነው። ጣሊያን ከከተማና ከዋና መንገድ ርቆ መውጣት ፈርቶ ነው የኖረው። ያ የፍርሃት ዘመን ባይኖር ፒናር ከሐረጎ ሥር የሚገጥመው ሌላ ጠላት ነበር። የቀኑ ባለቤት አርበኛው ነው። እሱን ነው የምናከብረው።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ «እያንዳንዱ ከተማ የራሱን ቀን ካከበረ አገር ይከፋፈላል» የሚል ነው። በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። የደሴ ሚያዝያ 18 የደሴ ብቻ ታሪክ አይደለም። የጣርማበሩ የሆለታ ልጅ፣ የጫጫው ኃይለ ማርያም ማሞ፣ የአምባ አላጌው ድል፣ ሁሉም በዚህ መንገድ የተሳሰሩ ናቸው። የወሎ ጳጳስ የነበሩት አቡነ ጴጥሮስ በሐምሌ 1928 በጥይት የተደበደቡት አዲስ አበባ ነው። የእኛ አባት ናቸው፤ የአገርም ሰማዕት ናቸው። ማን ነው በዚህ የተከፋፈለ? ሰው አገሩን የሚወደው ከቆመበት ሰፈር ተነስቶ ነው። ሰፈሩን የማያውቅ ሰው የአገር ፍቅሩ በፖስተር ላይ ያለ ቃል ብቻ ይሆናል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ትልቅ ሐውልት አልጠይቅም። ሐውልት ገንዘብ ይበላል፤ ብዙ ጊዜም ከተመረቀ በኋላ ይረሳል። እኔ የምፈልገው ቀላል ነገር ነው።

ሚያዝያ 18 የሁለቱ ከተሞች ተማሪዎች አንድ ላይ የሚውሉበት ቀን ይሁን። የኮምቦልቻዎቹ ውጊያው የተደረገባቸውን ኮረብቶች ለደሴዎቹ ያሳዩ። የደሴዎቹ ደግሞ በ1928 በቦምብ የተደበደበችውን ከተማ ሰፈር በሰፈር ያሳዩ። ሐረጎ ላይ፣ መኪና ሊቆም የሚችልበት ቦታ፣ በቀላል ሰሌዳ ላይ ሁለቱ ሚያዝያ 18ዎች ይጻፉ። በየቀኑ የሚያልፈው ሾፌርና ተሳፋሪ ያንብበው። የታሪክ መምህራን ቀኑ መማሪያ መጽሐፉ ውስጥ እስኪገባ አይጠብቁ፤ በሰሌዳ ላይ ይጻፉት፤ አምስት ደቂቃ በቂ ነው።

የመቅደላ ብራናዎችም ጉዳይ አለ። ብሪቲሽ ላይብረሪ ከእነዚህ ብዙዎቹን ቃኝቶ ኢንተርኔት ላይ አውጥቷቸዋል። ዋናዎቹ እስኪመለሱ ድረስ ምስላቸው በደሴና በተንታ ትምህርት ቤቶች ታትሞ ቢሰቀል ማን ይከለክለናል? በ2014ቱ ጦርነት የተዘረፈው የደሴ ሙዚየምም ከዚህ የተሻለ ምን የሚያሳየው ነገር አለ? ወሎ በ1860ም ተዘርፏል፤ በእኛ ዘመንም ተዘርፏል። ስለዚህ የቀረንን፣ በወረቀትም በድምፅም ያለውን፣ ዛሬ መያዝ አለብን።

ከሁሉም የሚያስቸኩለኝ ግን ሰዎቹ ናቸው። በ1933 የአሥር ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ከ90 ዓመት በላይ ነው። እንዲህ ያለ አባት ወይም እናት በሳላይሽ፣ በሆጤ፣ በሸዋ በር፣ በኮምቦልቻ ዙሪያ ገጠሮች ይኖራሉ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱም ከተሞች አለ። የታሪክ ተማሪዎቹ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም። እናንተም የዩኒቨርሲቲ ሰው መሆን አይጠበቅባችሁም። ቤታችሁ ያሉ ሽማግሌ ካሉ ዛሬ ማታ ስልካችሁን አውጡና ድምፅ መቅጃውን ክፈቱ። መድፉ ሲጮህ የት ነበሩ በሏቸው። ያን ዓመት ፋሲካ ቤታችሁ ምን ተበላ በሏቸው። ጣሊያን ሲወጣ ከተማው ውስጥ መጀመሪያ የሰሙት ድምፅ ምን ነበር በሏቸው። ከአርበኞቹ ውስጥ የሚያውቁት ሰው ካለ ስሙን ከነአባቱ ጠይቁና ጻፉት። እሳቸው ያላዩት ከሆነም እናታቸው ወይም አባታቸው ምን ብለው እንደነገሯቸው ጠይቁ። የቀረጻችሁትን ለልጆቻችሁ አስቀምጡ፤ አንዱን ቅጂ ደግሞ በአቅራቢያችሁ ላለ ትምህርት ቤት የታሪክ መምህር ስጡ።